ፎርሙ ላይ ያልተጻፈው ሙያ

የቤቴ ፕላን ያለበት ፋይል ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ወጥቶ፣ ኮፒ ተደርጎና ማኅተም ተመትቶበት እንዲሰጠኝ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ፋይሉ ተገኘ፤ መብራቱ ግን ጠፋ። ኮፒ ማድረጊያው ወረቀቱን እስከ ግማሽ እንደ ዋጠ ቀጥ አለ። ሌሎቹ ባለጉዳዮች እያጉረመረሙ ተበተኑ። እኔ ከሄድኩ ነገ ለአራተኛ ቀን እንደምመጣ ስለማውቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ወሬ ካለ መጠበቅ አይከብደኝም፤ ከሌለም እፈጥራለሁ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አርባ ዓመትን የተሻገረ፣ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኔን የያዘው መልኩ ነበር። አገጩ ልክ፣ ከንፈሩ ልክ፣ የጥርሱ አገጣጠም ልክ። ከዚያ ሁሉ አቧራና ጥግ ጥጉ ከተበላ ፋይል መሀል ብቅ ሲል፣ ሰው የተሳሳተ ክፍል የላከው እንግዳ ይመስላል።

«ያንተ መልክ ለዚህ ቤት አይገባም» አልኩት፣ ጨዋታ ለመጀመር ያህል። «ቴሌቪዥን ላይ ወጥተህ ዜና ማንበብ ነበረብህ። ማንን ወጥተህ ነው? እናትህን ነው አባትህን?»

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

«ሁለቱንም አይደለም፣ ጋሼ። ሐኪሙን ነው የወጣሁት።»

የቢሮው ሻይ አፍይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አምጥታ አንዱን ለሱ፣ አንዱን ለኔ ሰጠችን። ብርጭቆውን አንስቶ ፉት ሲል ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ቀጭን የሻይ መስመር ወደ አገጩ ወረደች። እሱ አላወቀም። ወሬውን ቀጠለ። እኔ ሳላስበው እጄን ወደ ራሴ አገጭ ሰደድኩ። ያን ሲያይ ከደረት ኪሱ ተጣጥፎ የተዘጋጀ መሐረብ አወጣና ጠረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ታችኛው ከንፈሬ አይሰማኝም። ሲፈስብኝ የማውቀው የሰው ዓይን አይቼ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ መብራት እስኪመጣ ግድግዳ የማይ ሰው አይደለሁም። ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ። እሱም፣ ለካ ጠያቂ አጥቶ ኖሯል፣ ከጎኑ የተከመረውን ፋይል ገፋ አድርጎ ክርኑን አሳረፈ።

ሲወለድ ጀምሮ መንጋጋው አይገጥምም ነበር። የላይኛው ወደ ውስጥ ቀርቶ፣ የታችኛው ወደ ፊት አልፎ፣ አፉን ሲዘጋ የታች ጥርሶቹ የላዮቹን ከፊት ይሸፍኗቸዋል። ዳቦ በፊት ጥርሱ ቆርሶ አያውቅም፤ በጎን አስገብቶ እንደ ጨርቅ ይቀደዋል። የሰፈር ልጆች ወዲያው ስም አወጡለት፤ «መሳቢያ»። ከጠረጴዛው ወጥቶ ሳይገባ የቀረ መሳቢያ ማለታቸው ነው።

«ስሙን ያወጣው ልጅ ጎበዝ ነበር» አለኝ። «እስከ ዛሬ ሳስበው ከዚያ የተሻለ አይገኝልኝም። ፎቶ ስንነሳ ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ቆሜ አገጬን በእጄ እይዛለሁ። በልጅነት ፎቶዎቼ ሁሉ ላይ ፈላስፋ ነኝ።»

ሳቅን። እሱ ቶሎ ጨረሰ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው የማዘጋጃ ቤቱ ማርሽ ባንድ አለቃ ልጆች ሊመለምል ወደ ትምህርት ቤታቸው መጣ። ብርቱ፣ ጆሮው እንደ ድመት የነቃ ሰው ነው፤ አሁን ሸምግሏል። መሣሪያዎቹን በረድፍ ዘርግቶ «የፈለጋችሁትን አንሱ» ሲላቸው ልጆቹ ሁሉ ከበሮው ላይ ተረባረቡ። ለሱ የደረሰችው ማንም ያልፈለጋት፣ ጎኗ የተጨረመተ ትራምፔት ነበረች። ከንፈር የሚያርፍበትን የብር ጫፍ ማውዝፒስ ይሉታል፤ እሱን አፉ ላይ አድርጎ ነፋ። የታችኛው መንጋጋው ወደ ፊት ስለወጣ መሣሪያው ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ አፉን ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ልጆቹ ሳቁ። አለቃውም ሊያርመው በጣቱ ወደ ታች ጫን ሲያደርገው ድምፁ ጠፋ። ሲለቀው ተመለሰ። እንደገና ጫነው፣ ጠፋ፤ ለቀቀው፣ መጣ።

አለቃው ጣቱን ሰበሰበና ለረዳቱ «ይህን ልጅ ማንም እንዳያርመው» አለ። «ያረመው ሰው እኔን ያገኘኛል።»

እንደዚያ ሆኖ ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት ነፋ፤ አሥራ አራቱን ዋናውን ዜማ የሚመራ የመጀመሪያ ትራምፔት ሆኖ። በሰልፍ ሲሄዱ የሌሎቹ መሣሪያ እንደ ማስመሪያ አንድ ልክ ላይ ሲሆን የሱ ብቻ ወደ ደመናው ያይ ነበር። ለረድፉ ውበት የሚቆረቆሩ ሹማምንት ለአለቃው ደብዳቤ ጽፈውበታል። አለቃው ደብዳቤውን የኖታ መደገፊያ ሥር ሸጎጠው፤ እግሩ ለሚወላገደው መደገፊያ ልክ ሆነለት።

«ድምፁ ምን ይመስል ነበር?» አልኩት።

አሰብ አደረገ። «እኔ ከውስጥ ስለምሰማው አላውቅም። ከበሮ መቺያችን ግን፣ ሰው ከሩቅ በስምህ ሲጠራህና ዞር ስትል ማንም ሳይኖር ሲቀር ያለውን ይመስላል ይል ነበር። እሱ ቀልደኛ ነው፤ ይህን ሲል ግን አይቀልድም።» ቀጥሎ «ጋሼ፣ መንጋጋ እንዳለኝ የምረሳው ስነፋ ብቻ ነበር» አለ።

እዚህ ላይ ስለ ባንዱ ልማድ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በሱ ነውና። አለቃው ለአዲስ ተመልማይ ገና ኖታ ሳያስተምር የሚሰጠው ምክር አለ። «ፎርም ስትሞላ ሥራ የሚለው ላይ ሙዚቀኛ ብለህ እንዳትጽፍ። የመንግሥት ሠራተኛ በል። ውሸት አይደለም፣ የምትፈርመው ማዘጋጃ ቤት ነው።» ሙዚቀኛ ብሎ የጻፈ ሰው ቤት የሚያከራየው አያገኝም፣ ዋስ አያገኝም፣ ሽማግሌ ቢልክም ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ይመለሳሉ። ከበሮ መቺው ስምንት ቤት ዞሮ በመጨረሻ «ጸሐፊ ነኝ» ብሎ ነው የተከራየው፤ አከራይዋ ማመልከቻ እንዲጽፍላቸው ሲጠይቁት ለስድስት ወር ጽፎላቸዋል። የእኛም ሰው ሲያገባ ለሚስቱ ቤተሰብ «የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ» ተብሎ ነው የተነገራቸው። ከሠርጉ በኋላ አማቱ በአንድ ሰልፍ ላይ ቆመው ሲመለከቱ ያችን ሰማይ የምታይ ትራምፔት አዩ። «ያ አገጭ የኛ ልጅ ባል አይደለም እንዴ?» አሉ አሉ፣ ሕዝብ መሀል። እንግዲህ በባንዱ ውስጥ ሰላሳ አራት ሰው አለ፤ አንዱም ሥራውን በገዛ እጁ ጽፎ አያውቅም።

ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ አንገቱ ወፈረ፤ እንቅልፉም ከፋ። ማንኮራፋቱ የጎረቤት ግድግዳ ያስመታል። ከማንኮራፋቱ የሚብሰው ግን ጸጥ ሲል ነው። ትንፋሹ ይቆማል። ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትቆጥራለች። እስከ ሃያ ቆጥራ ካልተነፈሰ በክርኗ ትጎሽመዋለች፤ እንደ ሰጠመ ሰው እያቃሰተ ይነቃል፤ እንደገና ይተኛል፤ እንደገና ትቆጥራለች። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዘች ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተደግፋ አንቀላፋች። ልጆቹ እንዳትነቃ ብለው ዝም አሏት። በዝምታው የተገረመው ርዕሰ መምህር ገብቶ አገኛት።

ያን ዕለት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «አንድ ቀን እኔ ቆጠራ ላይ እያለሁ ያንቀላፋኛል» አለችው። «በሞቴ ሂድና ታይ። ስነቃ ቀዝቅዘህ ባገኝህ ያችን ሌሊት እስከ ስንት እንደ ቆጠርኩ ነው ዕድሜ ልኬን የማስበው።»

ሄደ። አፍንጫ ሐኪም አየው፤ እሱ ወደ ጥርስ ላከው፤ ጥርስ ሐኪሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ወደ መንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ ላከው። ወረፋው ሁለት ዓመት ነበር። በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል ፎርም ተሰጠው። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ሥራ።

«እጄ ነው የጻፈው» አለኝ። «እኔ አላሰብኩበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው።»

ሐኪሙ ወጣት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጥንቁቅ ሰው ነበር። የአፉን ቅርጽ በጄሶ አስወጥቶ፣ ያን ጄሶ በቀጭን መጋዝ ቆርጦ ጠረጴዛው ላይ አሳየው። «የላይኛውን አምስት ሚሊሜትር ወደ ፊት፣ የታችኛውን አራት ወደ ኋላ። መተንፈሻህ ይከፈታል፣ ጥርስህ ይገጥማል፣ መልክህም ይስተካከላል።» ከዚያ በፊት ግን ጥርሶቹ በሽቦ ታስረው አንድ ዓመት ተኩል መቆየት ነበረባቸው። ሽቦው ሲታሰር መንፋት መከራ ሆነ። ሽቦው ላይ ሰም እየለጠፈ ነፋ፤ ሰሙ ይቀልጣል፤ የከንፈሩ ውስጥ ይቆራረጣል። በሁለት ሳምንት ለመደው። አንድ ቀን ሐኪሙ ከንፈሩን ገልብጦ ሲያየው ቁስሉ እንግዳ ሆነበት።

«ይህ ከምንድን ነው? ከንፈርህ ላይ የሆነ ነገር ትጫናለህ?»

«ሽቦው ነው» አለ የኛ ሰው።

«ለምን እንደዚያ አልክ?» ብዬ አቋረጥኩት፤ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ፎርሙ ላይ ሌላ ጽፌያለሁ። ዋሽተሃል እንዳይለኝ ፈራሁ። ከወረፋው እንዳያወጣኝም ፈራሁ። ሰው አንዴ ትንሽ ነገር ካለ፣ ያችን ትንሽ ነገር ለማንሳት ትልቅ ሰው መሆን ያስፈልገዋል።»

ሳይናገር የቀረበት ሦስተኛው ጊዜ ለቀዶ ሕክምናው ሊፈርም ሲሄድ ነው። ሚስቱ አብራው ገብታለች። ሐኪሙ አደጋዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራቸው። የታችኛው ከንፈር ነርቭ በአጥንቱ መሀል እንደሚያልፍ፣ ሊደነዝዝ እንደሚችል፣ ለብዙ ሰው ለጥቂት ወር፣ ለአንዳንዱ ለሁልጊዜ እንደሚሆን ነገራቸው። ከዚያ ካርዱን ገልጦ አየና ሊያጽናናው ብሎ «ከወረቀት ጋር ለሚውል ሰው ያን ያህል አያስቸግርም» አለ።

ያኔ ሚስቱን አያት። እሷ የቦርሳዋን መዝጊያ ታያለች። ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች። ሥራውን ታውቃለች፤ ልትናገር ትችል ነበር። እሱም አፍ ነበረው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አቀበለውና ፈረመ።

«እሷን አልወቅስም» አለ ቶሎ ብሎ፣ እኔ የወቀስኳት ይመስል። «ስንት ሌሊት የቆጠረች ሴት ናት። እኔ ነኝ። ደግሞ ልዋሽዎት አልችልም፣ ጋሼ፤ መልኩንም ፈልጌው ነበር። ሐኪሙ ኮምፒዩተር ላይ ከጎን የሚሆነውን ፊት አሳይቶኛል። የኔ ፊት ነው፤ ግን ማንም ስም ያላወጣለት። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ብጨፍንም እሱን ነበር የማየው። መንፋቱንስ እንደ ሽቦው በሁለት ሳምንት እለምደዋለሁ አልኩ።»

ለአለቃው «ለመተንፈሻዬ ነው» ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። አለቃው ደስ አለው። «ባለህ ትንፋሽ እንዲህ ካደረግኸን፣ ሙሉ ትንፋሽ ስታገኝማ ማን ይችልሃል!»

ቀዶ ሕክምናው አምስት ሰዓት ፈጀ። ሲነቃ ፊቱ እንደ ተነፋ ኳስ ሆኖ፣ ላይና ታች ጥርሱ በላስቲክ ታስሮ ነበር። ስድስት ሳምንት በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ሾርባና ወተት በጉንጩ በኩል እያሾለኩ አጠጡት። አሥራ ሁለት ኪሎ ቀነሰ። እቤት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሚስቱ በሌሊት ብድግ ብላ መዳፏን አፍንጫው ላይ አደረገች። ድምፅ አልነበረም። ትንፋሹ መዳፏ ላይ ሞቅ ቀዝቀዝ ሲል ሰማችው፤ ልክ እንደ ማንኛውም ሰው። አለቀሰችና ተኛች። እስከ ረፋድ ተኛች፤ ትምህርት ቤት ቀረች።

እብጠቱ ሲወርድ ያ ፊት ወጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ መታወቂያ ጠየቀው። አማቱ ደግሞ በር ላይ «እንግዳ መጥቷል» ብለው ልጃቸውን ጠሩ። ወደ ልምምድ አዳራሹ ብቅ ሲል ከበሮ መቺው አየውና ጮኸ።

«ኧረ መሳቢያው ተዘጋ! ቁልፉን ማን ይዞት ሄደ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ አላደረገም። ሚስቱ አንድ ቀን ዳቦ አቀረበችለትና «በፊት ጥርስህ» አለችው። ነከሰ። ከዚያ ማኘኩን ትቶ የነከሰበትን ቦታ ያይ ጀመር። ግማሽ ክብ፣ ጥርት ያለ፣ የጥርስ ምልክት። በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ዳቦ ላይ የራሱን ጥርስ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ ሲያወራኝ ብቻ ነው ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ብርሃን ያየሁት።

በሦስተኛው ወር ሐኪሙ «ሁሉንም ማድረግ ትችላለህ» አለው። በማግስቱ ሚስቱ ወደ ሥራ ስትሄድ በሩን ዘጋ፣ ትራምፔቱን ከሣጥኑ አወጣ፣ በጨርቅ ወለወለ። እንደ ድሮው ወደ ላይ አንጋጦ ነፋ።

«የመኪናዎ ጎማ ተንፍሶ ያውቃል?» አለኝ።

«መኪና የለኝም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ።»

«እሱ ነው የወጣው።»

ወደ ታች አድርጎ ሞከረ። ቀጥ አድርጎ ሞከረ። የላይኛው ከንፈሩ የብሩን ጫፍ ያውቀዋል፤ የታችኛው ግን የሰው ከንፈር ነው። የት እንደ ጀመረና የት እንዳለቀ አይታወቅም። መስተዋት ፊት ቆሞ በዓይኑ እያየ አስተካክሎ ሞከረ፤ ምራቁ በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን ሲያረጥበው ያየው በመስተዋቱ ነው። በየቀኑ ሞከረ። በአራተኛው ወር ሦስት ወፍራም ኖታዎች መጡ። በአምስተኛው አምስት ሆኑ። ከዚያ በላይ ያለው፣ ያ ሰው ከሩቅ የሚጠራበት ድምፅ፣ ጨርሶ አልመጣም። ሚስቱ አንዳንድ ቀን ቀደም ብላ ስትመጣ በር ላይ ሆና ትሰማዋለች። ሳትገባ ዞር ብላ ሱቅ ደርሳ ትመለሳለች። እሱም ጫማዋን በደረጃው ላይ ሰምቶታል፤ ተነጋግረውበት ግን አያውቁም።

በስድስተኛው ወር ትራምፔቱን በሣጥኑ ይዞ ሆስፒታል ሄደና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ አስቀመጠው።

ሐኪሙ አየው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥራዬ ነው፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ካርዱን አስመጣ። የመጀመሪያውን ገጽ አገኘ። የኛ ሰው በገዛ እጁ፣ ጥርት ባለ ጽሕፈት «የመንግሥት ሠራተኛ» ብሏል። ሐኪሙ ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ።

«ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። «አልተቆጣም። በመርፌ ጫፍ ከንፈሬን እየነካካ፣ ‹ይሰማሃል? ይሄስ?› አለኝ። በመጨረሻ ምን አለ መሰለዎት? ‹ብትነግረኝ ምናልባት ሌላ ነገር አቅድ ነበር። ምናልባትም ያው ይሆን ነበር፤ ነርቭ የሚያደርገውን ማንም አያውቅም። ግን ቁጭ አድርጌህ እነግርህ ነበር፤ አንተም ትመርጥ ነበር።› ከዚህ በላይ አላለኝም።»

የባንድ ሕግ አለ። ስድስት ወር ከመሣሪያው የራቀ ተጫዋች ተፈትኖ ይመለሳል። አለቃው ፈተናውን ሁለት ጊዜ አራዘመ። አንዴ አዳራሹ ቀለም ይቀባል አለ፤ አንዴ ራሱ ታመምኩ አለ። በሦስተኛው ከሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ መጣና መራዘም የለም ተባለ። ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ አለቃውና ኃላፊው። አለቃው ከማርሾቹ ሁሉ ቀላሉን፣ ከቀላሉም የሁለተኛ ትራምፔት ድርሻውን መርጦ ኖታውን ዘረጋለት። የሁለተኛ ትራምፔት ድርሻ ለሱ! ሌሎቹ ተጫዋቾች በሩ ውጭ ቆመዋል። ከበሮ መቺው እንኳ ቀልድ አልነበረውም።

ነፋ። የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች ወፍራም ኖታዎች ናቸው፤ እየተንቀጠቀጡ ወጡ። አምስተኛው ላይ ዜማው ከፍ ይላል። ወደዚያ ሲደርስ አየር ብቻ ሆነ። አላቆመም፤ ጣቱ ሳይሳሳት ቁልፎቹን እየተጫነ፣ ያለ ድምፅ እስከ መጨረሻው ሄደ። የቁልፎቹ ኳኳታና የትንፋሹ ሽውታ ብቻ ይሰማል። ሲጨርስ መሣሪያውን ከአፉ አወረደ።

ኃላፊው ሙዚቃ የማያውቅ፣ ልበ ቀና ሰው ነበር። ያ ዝምታ የዜማው አካል መስሎታል።

«በጣም ጥሩ ነው!» አለና እጁን አጨበጨበ። «እኔ ምንም ችግር አልታየኝም። አልፏል ብለን እንጻፍ፣ አለቃ?»

ይህን ሲነግረኝ የመዝገብ ቤቱ ሰው ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

አለቃው ልጁን አየው፤ ያን አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ ማንም አያርመው ያለውን። አልፏል ቢል ኃላፊው ይፈርም ነበር፤ ማንም አይጠይቅም ነበር። ግን ሌላ ሰው ባያውቅም፣ ያ የነቃ ጆሮው ጌታውን አይምርም። እስክሪብቶውን ከኃላፊው እጅ ወሰደ።

«አላለፈም» አለ፣ ጽፎም ፈረመ።

ከዚያ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ» አለው።

«እኔም ‹እርስዎ አይደሉም› አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ሽማግሌ ናቸው። ኮታቸውን አንስተው ወጡ።»

የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ከሥራ አልተባረረም። መዝገብ ቤት ተመደበ፤ ፎርሙ ላይ የጻፈውን ሆነ። በእሱ ቦታ አንድ ወጣት ገብቷል። ረድፉ አሁን ዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነው፤ ሹማምንቱም ደስ ብሏቸዋል። አለቃውም ለአዲስ ተመልማዮች ያን ምክር መስጠት አቁሟል አሉ፤ ስለ ፎርም ሲጠይቁት ኮቱን አንስቶ ይወጣል። ሰልፍ በሚኖርበት ቀን ባንዱ በዚህ ሕንፃ ፊት ነው የሚያልፈው። እሱ ያን ቀን ከምድር ቤት የሚወጡ የቆዩ ፋይሎችን ሥራ ይወስዳል። የምድር ቤቱ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ከበሮው ብቻ ነው የሚደርሰው።

መብራቱ መጣ። ኮፒ ማድረጊያው አቃስቶ የዋጠውን ወረቀት ተፋ። ሰውየው ተነሣና የቀረውን ኮፒ አነሳልኝ፤ ገጾቹን አስተካክሎ ስቴፕለር መታባቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ማኅተሙን ቀጥ አድርጎ አሳረፈ። አንዱም አልተዛነፈበትም። ሦስት ቀን ያስመላለሰኝ ቢሮ መሆኑን ረሳሁና አመሰገንኩት።

መሄድ ነበረብኝ። ግን እኔ አፌን የምይዝ ሰው ብሆን ይህን ታሪክም ባልሰማሁት ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ዞር አልኩ።

«ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮህ፣ ምረጥ ቢልህ ኖሮ የቱን ትመርጥ ነበር?»

ከአፌ ሲወጣ ጸጸተኝ። እሱ ግን አልተቀየመም። መሐረቡን አውጥቶ አገጩን ጠረገ፤ አገጩ ላይ ምንም አልነበረም።

«ይህን ሚስቴም ጠይቃኛለች፣ ጋሼ። አንድ ቀን፣ ከተኛን በኋላ። የተኛሁ መሰልኩ። ድሮ ቢሆን ታውቅብኝ ነበር። አሁን ተኛሁም አልተኛሁም አተነፋፈሴ አንድ ሆኗል፤ ትንሽ ጠበቀችና እሷም ዞራ ተኛች።»